የጉድጓዳችን ውሃ ጨው ሆነ፤ እንድፈነው ወይስ ሰብሉን እንቀይር?

የመቂ_ልጅ (ሚያዝያ 6፣ ከምሽቱ 3፡10)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምሠራው ኢሚሬትስ፣ አል ዓይን ነው፤ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ካቻምና ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ልኬ መቂና ባቱ መሃል ባለችው የአባታችን ግማሽ ሄክታር ላይ ወንድሜ ጉድጓድ አስቆፈረ። 42 ሜትር ላይ ውሃ ተገኘ፣ እልል ተባለ፣ ጠላ ተጠመቀ። ዘንድሮ ቀይ ሽንኩርት ተከለበት።

በሦስተኛው ሳምንት የቅጠሉ ጫፍ እየነጣ መቃጠል ጀመረ። መደቡ ላይ ደግሞ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ነጭ ነገር ወጣ። ወንድሜ በቪዲዮ ሲያሳየኝ የጎረቤት ፍየሎች አጥር ጥሰው ገብተዋል። ሽንኩርቱን ትተው መደቡን ይልሳሉ፤ ቦሌ፣ ያንን ከብት የሚልሰውን ጨው አፈር፣ ያገኙ መሰላቸው። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ዘሩን የሸጠልን ሰው «ይሄ ጨው የሚችል ሽንኩርት ነው» ብሎ እጥፍ ዋጋ ነው የተቀበለን። ውሃውን ያስመረመርነው ከተቃጠለ በኋላ ነው (አውቃለሁ፣ አትሳደቡ)። ወረቀቱ ላይ ያለው፦ ኢሲ (የጨው ልክ ነው አሉኝ) 2.9፣ ፒኤች 8.6፣ ሶዲየም ከፍተኛ፣ ባይካርቦኔት ከፍተኛ።

የሚገርመኝ እዚህ የማየው ነው። የአሠሪዎቼ እርሻ ላይ ያለው የጉድጓድ ውሃ አፍ ውስጥ የሚገባ አይደለም፤ ቴምሩ ግን እሱን ጠጥቶ ተንዠርግጎ ያፈራል። ታዲያ እኛ ጋ ምን የተለየ ነገር አለ? በጨው ውሃ የሚበቅለውን ንገሩኝና ልትከል፤ ከሌለም ልደፍነውና እርሜን ላውጣ።


ተስፋ_ብሩክ (ከምሽቱ 3፡25)

ኪኖዋ! ኪኖዋ የሚባለውን እህል ዝሩ። ከባሕር ውሃ ባልተናነሰ ጨው ይበቅላል፣ ዋጋው ከጤፍ በላይ ነው። ዓለም ሁሉ ወደዚያ እየሄደ ነው።


አዳነ_ዘ_ባቱ (ከምሽቱ 3፡41)

ባቱ ገበያ ላይ ኪኖዋ የሚገዛ ደላላ ካየህ ስልኩን ላክልኝ።


አፈር_ላብ (ከምሽቱ 4፡30)

እህቴ፣ የሥራዬ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። አፈርና ውሃ ስመረምር 11 ዓመቴ ነው።

መጀመሪያ 2.9 ማለት ምን እንደሆነ በእጅ እንያዘው። በግምት አንድ ሊትር ውሃሽ ውስጥ 1.85 ግራም ጨው አለ። ትንሽ ይመስላል። ሽንኩርት በአንድ ወቅት ከ500 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ውሃ ይጠጣል፤ በግማሽ ሄክታር 2,500 ሜትር ኩብ ነው። አባዢው፦ 46 ኩንታል ጨው። ወንድምሽ በአንድ የሽንኩርት ወቅት 46 ኩንታል ጨው በፓምፕ ጭኖ ማሳው ላይ አራግፏል። ውሃው ይተናል፣ ተክሉም ይጠጣዋል፤ ጨው ግን አይተንም፣ ተክሉም አይወስደውም ማለት ይቻላል። እዚያው ይቀራል።

ሽንኩርት ደግሞ ለጨው ከአትክልት ሁሉ ስስ ከሆኑት አንዱ ነው። የአፈሩ ኢሲ ከ1.2 ካለፈ በኋላ በእያንዳንዱ አንድ ነጥብ 16 በመቶ ምርት ይቀንሳል። በ2.9 ውሃ፣ እንደ ደንቡ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ትርፍ ውሃ ወደ ታች እያሳለፋችሁ ብታጠጡ እንኳ፣ የአፈሩ ኢሲ ወደ 4.35 ይደርሳል። ግማሹ ምርት ሄደ ማለት ነው። «ጨው የሚችል ሽንኩርት» ያላችሁ ሰው የነገራችሁን እኔ የትም አላነበብኩም።

በዚሁ ስሌት ሌሎቹን ስናይ፦ ካሮት ልክ እንደ ሽንኩርቱ ግማሽ ይቀራል፤ ቦሎቄ ይብሳል፣ ወደ 64 በመቶ ያጣል። ቃሪያና በርበሬ 40፣ በቆሎ 32፣ ጥቅል ጎመን 25፣ ቲማቲም 18 በመቶ። ቀይ ስር ከ4 ነጥብ በፊት አይነካውም፤ የሚያጣው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዝኩኒ፣ ማሽላ፣ ጥጥና ገብስ በዚህ ውሃ ምንም አይሆኑም። ቴምርሽም መነካት የሚጀምረው ከ4 በላይ ነው፤ ከዚያም በኋላ ቀስ ብሎ ነው የሚቀንሰው፣ በነጥብ 3.6 በመቶ። አል ዓይን የምታዪው እሱን ነው፤ ቴምሩ እዚያም ያጣል፣ ግን አያሳጣም።

ሰብል ከመምረጣችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ 46 ኩንታል ጨው የት ይሄዳል? ከሥሩ በታች የሚወርድበት መንገድ አለው ወይ? ወንድምሽ 2 ሜትር ጉድጓድ ይቆፍርና ምን እንዳየ ይንገረን።


የመቂ_ልጅ (ከምሽቱ 4፡52)

46 ኩንታል!! በገንዘቤ ጨው ነው የገዛሁት በሉኛ። እሺ፣ አስቆፍረዋለሁ። ቦሎቄውን ግን ወንድሜ በክረምት እዚያው ሊዘራ ነበር።


አፈር_ላብ (ከምሽቱ 4፡55)

እዚያው አይዝራ። በጋውን በዚህ ውሃ በጠጣ መሬት ላይ ቦሎቄ መዝራት ዘር መጣል ነው። ውሃው ያልደረሰበት ቦታ ላይ ይዝራው።


አዋሽ_74 (ሚያዝያ 7፣ ከጠዋቱ 1፡15)

ልጄ፣ የላቦራቶሪው ልጅ የጠየቀሽን ጥያቄ ቀላል አታድርጊው። እኔ በ1974 ዓ.ም. መካከለኛው አዋሽ ላይ የመንግሥት ጥጥ እርሻ ውስጥ የመስኖ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የአዋሽ ውሃ ያኔ ጥሩ ውሃ ነው፣ ያንቺን ሩቡን ያህል ጨው የለውም። ጥጥ ደግሞ ጨው ከሚችሉት የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው። ጥሩ ውሃ፣ ጠንካራ ሰብል። እንዲያም ሆኖ መሬቱ ሞተብን።

እንዴት ብትይ፣ ውሃ በነጻ ስለነበር ሠራተኛው ማታ ቦዩን ከፍቶ ይተኛል። እርሻው ሲጀመር የከርሰ ምድሩ ውሃ ከ10 ሜትር በታች ነበር ይሉናል፤ እኔ በደረስኩበት ጊዜ አንዳንድ ቦታ ላይ ቁመትህን ያህል ቆፍረህ ታገኘዋለህ። አንዴ ወደ ላይ ከተጠጋ በኋላ ምንም ብታጠጪ ጨው ነው የሚስበው፤ እንደ ኩራዝ ክር ከታች እየሳበ ላይ ይተወዋል። መጀመሪያ ማሳው መሃል መላጣ ይወጣል፣ የትሪ ያህል። በዓመቱ የአውድማ ያህል ይሆናል። ያኔ አለቃችን «ማዳበሪያ ጨምሩበት» አለ። ጨመርን። ማዳበሪያም ጨው ነው።

በኋላ ከመሬት ሥር የማጠንፈፊያ ቱቦ ተቀብሮ ነበር፣ ትልቅ ሥራ ነው፣ ሠርቶም ነበር። ግን ዋናው ቦይ ካልተጠረገ ቱቦ ብቻውን ምን ያደርጋል? ደለልና ደንገል ሞላው። የተተወው ማሳ ላይ ዛሬ የቆመው ወያኔ ዛፍ (ፕሮሶፒስ) ነው። ጨው የሚችል ተክል ፈልገሻል አይደል? እሱን የሚያህል የለም፤ አፋሮች ግን ከብታቸውንም ግጦሻቸውንም ያሳጣቸው እሱ ነው።

ስለዚህ ሰብሉ ይችላል አይችልም ከማለትሽ በፊት ቁፋሮው ይቅደም። እኔ ያየሁት ጥፋት ሰብሉ ስላልቻለ አልመጣም።


ኔጌቭ_ሆሜር (ከጠዋቱ 3፡40)

እስራኤል፣ ቤርሼባ አጠገብ ነው የምኖረው፤ ራማት ኔጌቭ ግሪንሃውስ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ከአንቺው ይብሳል። ቼሪ ቲማቲም ነው የሚተከልበት። ጨው ሲነካው ፍሬው ያንሳል፣ ግን ስኳሩ ይጨምራል፤ አፍሽ ላይ ከረሜላ ነው። ያንን ጣፋጭነት ነው አሽገው አውሮፓ በውድ የሚሸጡት። ምርት ቀነሰ ብለው አያለቅሱም፣ ዋጋው ይክሰዋል።

አሠራሩን ልንገርሽ። ችግኝ በጨው ውሃ አይነሳም፤ መጀመሪያ ጣፋጭ ውሃ፣ ሥር ሲይዝ ቀስ በቀስ ይቀላቀልበታል። ሁሉም በጠብታ መስኖ ነው። መሬቱ አሸዋ ስለሆነ ጨው ወደ ታች ይሸሻል። ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ፣ በክረምት የመጀመሪያው ካፊያ ሲጥል አለቃችን እየሮጠ ጠብታውን ይከፍተዋል። ዝናብ እየዘነበ ውሃ ማጠጣት! አብዷል ብዬ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ጠብታው ሲያጠጣ ጨዉን ገፍቶ ከርጥበቱ ዳር እንደ ቀለበት ያከማቸዋል። ካፊያው ደግሞ ያንን ቀለበት መልሶ ወደ ሥሩ ያስገባዋል። ዝናቡ ጠንክሮ እስኪያጥበው ድረስ በጠብታው ወደ ውጭ መግፋት ያስፈልጋል።


አዳነ_ዘ_ባቱ (ከጠዋቱ 4፡05)

ወንድሜ ኔጌቭ፣ ደስ የሚል ነገር ነው የነገርከን። እኛ ጋ ግን ቲማቲም በሳጥን ነው የሚሸጠው። ደላላው የሚያየው ትልቀቱን ነው፤ ስኳሩን ማን ይቀምሳል? ትንሽ ፍሬ ያለበት ሳጥን «ሁለተኛ» ተብሎ በግማሽ ዋጋ ይወሰዳል። ስለዚህ ለእኛ የቲማቲሙ 18 በመቶ 18 ሆኖ አይቀርም።


ኔጌቭ_ሆሜር (ከጠዋቱ 4፡12)

ልክ ነህ፣ አላሰብኩትም።


አፈር_ላብ (ከቀኑ 7፡20)

ኔጌቭ የጻፈው ላይ አንድ ልዩነት ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ጨው ሁሉ አንድ አይደለም። እነሱ ጋ የበዛው የወጥ ጨው ዓይነት፣ ክሎራይድ ነው። የስምጥ ሸለቋችን ውሃ ግን፣ የመቂ ልጅም ወረቀቷ ላይ እንዳለው፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፤ ሶዳ ማለት ነው። ይሄ ውሃ አፈሩ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ኖራ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ በቦታው ሶዲየም ይገባል። ሶዲየም የያዘው አፈር ደግሞ እርስ በርሱ አይያያዝም። ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል፤ ውሃ አያሳልፍም። ውሃ ካላለፈ ደግሞ ጨዉን በምን ያጥባል? በሰቃ ሐይቅን አስቡ፣ መተሐራ። ውሃው የሶዳ ነው፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ የነበረው ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፣ የጅቡቲን መንገድና የባቡር ሐዲድ እስከ መብላት ደርሷል። ያን ውሃ ማሳቸው ላይ ያዩ ሰዎች የምለውን ያውቁታል።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ፈተና አለ፣ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከማሳው የሽንብራ ፍሬ የምታክል የደረቀች ጓል ወስዶ፣ በብርጭቆ የዝናብ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ማስቀመጥ። ዝናብ ከሌለ የመኪና ባትሪ ላይ የሚጨመረው ንጹሕ ውሃ ይሆናል (ውሃው፣ አሲዱን አላልኩም!)። ሳይነቀንቁ፣ ሳይነካኩ እስከ ማግሥቱ ይቆይ። ጓሏ ፈራርሳ ውሃው ከላይዋ ጥርት ካለ ደኅና ነው። ዙሪያዋን ወተት የተበጠበጠባት የሚመስል ጉም ከከበባት ሶዲየም አለ፤ መድኃኒቱ ጂፕሰም ነው፣ ለሲሚንቶ ፋብሪካ የሚጫነው ያው ድንጋይ፣ የተፈጨ። ካልሲየም ይሰጣል፣ ሶዲየሙን ያስለቅቃል፣ የተለቀቀውን ደግሞ ዝናብ ያወርደዋል። መጠኑን ላቦራቶሪ ሳይነግራችሁ አትጨምሩ።


ሲስተር_አዳማ (ከቀኑ 9፡00)

ማንም አላነሳውም እንጂ፣ ይሄን ውሃ ሰው እየጠጣው ነው? በዚያ አካባቢ የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲቆይ አጥንት ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ድረስ ነው። የላካችሁት ወረቀት ላይ ፍሎራይድ ካልተለካ ለብቻው አስለኩት። ማፍላት አይቀንሰውም።


የመቂ_ልጅ (ከቀኑ 10፡30)

ኧረ ሲስተር! የወንድሜ ልጆች እየጠጡት ነበር። ዛሬ ደውዬ አስቁሜያለሁ።


ምጽዋ_ባሕር (ከምሽቱ 1፡48)

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፣ ይቅርታ። ስለ ጨው ውሃ ሲነሳ የማይረሳኝ ምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ የተሠራው ነው። ጎርደን ሳቶ የሚባሉ ጃፓናዊ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ነበሩ። ማንግሮቭ የሚባለው የባሕር ዛፍ ቀይ ባሕር ዳር የሚበቅለው የጎርፍ ውሃ በሚገባበት ቦታ ብቻ መሆኑን አይተው፣ የሚፈልገው ጣፋጩን ውሃ ሳይሆን ጎርፉ የሚያመጣውን ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው አሉ። ማዳበሪያ በላስቲክ አስረው፣ በምስማር ትንሽ በስተው፣ ከችግኙ ሥር ቀበሩ፤ ቁራጭ ብረትም ጨመሩ። በደረቁ ዳርቻ ላይ፣ በጥሬ የባሕር ውሃ፣ ጫካ ቆመ። ቅጠሉን ፍየልና ግመል ይበላዋል። የፕሮጀክቱን ስም ማንዛናር አሉት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ጃፓናውያንን ሰብስባ ያሰረችበት፣ እሳቸውም በልጅነታቸው የታሰሩበት ካምፕ ስም ነው።


ተስፋ_ብሩክ (ከምሽቱ 2፡10)

አያችሁ! በባሕር ውሃ እንኳ ይቻላል። ዱባይ ያለው የጨዋማ አካባቢ ግብርና ማዕከል ኪኖዋም፣ ሳሊኮርኒያ የሚባለውን ጨው ወዳድ ተክልም እያበቀለ ነው።


አፈር_ላብ (ከምሽቱ 2፡35)

ማዕከሉን አውቀዋለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመ ነው፣ ጥሩ ሥራ ይሠራል። ግን እኮ ለእኛ ያመጡት ኪኖዋን ብቻ አይደለም፤ ከእኛ ተመራማሪዎች ጋር አፋር፣ አሚባራ ላይ የሞከሩት መኖ ነው፣ ሮድስ ሣርና መሰሎቹን። ሰው «ሣሩ ጨዉን ይመጠዋል» ይላል፤ ልክ አይደለም፣ አጭደህ የምታወጣው ጨው ውሃው ከሚያመጣው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ሣሩ የሚጠቅመው መሬቱን ስለሚሸፍን ነው፤ ትነት ይቀንሳል፣ ጨው ወደ ላይ አይሳብም። ሥሩ ደግሞ የታፈነውን አፈር ይበሳዋል፣ ውሃ መንገድ ያገኛል።

ሞጆና አዳማ ዙሪያ ከብት የሚያደልቡ ሰዎች ድርቆሽ በምን ዋጋ እንደሚገዙ አዳነ ይንገረን።


አዳነ_ዘ_ባቱ (ከምሽቱ 2፡50)

ድርቆሽማ አሁን ወርቅ ነው። ያለ ደላላ በር ድረስ መጥተው ይጭናሉ። ኪኖዋውን ተስፋ ይብላው።


የመቂ_ልጅ (ሚያዝያ 27፣ ከምሽቱ 3፡30)

ተመለስኩ። ወንድሜ 2 ሜትር ቆፈረ፤ ውሃ የለም፣ ድንጋይም አልገጠመውም፣ ከ1 ሜትር በታች አሸዋ የበዛበት አፈር ነው። የብርጭቆውን ፈተና ከሦስት ቦታ ሠራ፣ ፎቶ ልኮልኛል። የላይኛው ማዕዘን አፈር ጥርት አለ። መሃሉና ፓምፑ አጠገብ ያለው ግን ደፈረሰ፣ የፓምፑ አጠገብማ እንደ አጃ ሾርባ ነው። ፍሎራይዱም በልጦ ተገኘ፤ ለመጠጥ የቦኖ ውሃ እየገዙ ነው።


አፈር_ላብ (ሚያዝያ 28፣ ከጠዋቱ 2፡20)

ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ዜና ነው። ከታች አሸዋ ካለና ውሃው ሩቅ ከሆነ ጨው መውረጃ አለው። ጋሼ አዋሽ ያልነበራቸውን ነው ያገኛችሁት። ደግሞም አል ዓይን የሌለ ነገር አላችሁ፤ ክረምት።

ስለዚህ አሁን ምንም አትትከሉ። ጂፕሰሙ በግንቦት፣ ከዝናብ በፊት፣ ለደፈረሰው ቦታ ብቻ ይነስነስና ከላይኛው አፈር ጋር ይቀላቀል። ማሳው ዙሪያውን በክትር ይታጠር፣ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ እንዳይሸሽ፣ ባለበት ይስረግ። አጥቦ የሚያወርድላችሁ እሱ ነው። መስከረም ላይ፣ መሬቱ ገና በታጠበበት፣ ግማሹን ቀይ ስርና ዝኩኒ፣ ግማሹን ሮድስ። ቀይ ስር ካደገ በኋላ ጠንካራ ነው፤ ሲበቅል ግን ልክ እንደ ሌላው ስስ ነው። ለዚህ ነው በዝናቡ ርጥበት ማብቀል ያለባችሁ፣ የጉድጓዱን ውሃ በኋላ ታስከትላላችሁ።

በቦይ የምታጠጡ ከሆነ መደቡ አናት ላይ አትዝሩ። ፍየሎቹ የላሱት እሱን ነው፤ ጨው ሁልጊዜ አናቱ ላይ ይሰበሰባል። ከጎኑ፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ ይዘራ። ስታጠጡ ደግሞ ሰብሉ ከሚጠጣው ላይ አንድ አምስተኛውን ያህል ጨምሩ፣ ታጥቦ እንዲወርድ።


አዋሽ_74 (ከጠዋቱ 3፡00)

አምስተኛውን አለ፤ ቦዩን ከፍቶ መተኛት አላለም። ወንድምሽን ይሄን ንገሪልኝ።


የመቂ_ልጅ (ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 2፡15)

ጋሼ፣ ነግሬዋለሁ፣ ስቆ ሞተ። ጂፕሰም አስጭነን ነስንሰናል፤ የመኪናው ዋጋ ከድንጋዩ ዋጋ በለጠ እንጂ። ክረምቱ ጥሩ ነበር። ቀይ ስሩ በቅሏል፣ ፓምፑ አጠገብ ያለች አንዲት መላጣ ብቻ ቀረች። ሮድሱ ገና ቁርጭምጭሚት ነው።

ዛሬ ወንድሜ ቪዲዮ ላከልኝ፤ ያው ፍየሎች ናቸው፣ ያው አጥር ተጥሷል። አሁን ግን መደቡን ዞር ብለው አላዩትም፣ የቀይ ስሩን ቅጠል ነው የጨረሱት። ሁለት መደብ ሙሉ።


አፈር_ላብ (ከምሽቱ 2፡40)

ታኅሣሥ ላይ፣ በጉድጓዱ ውሃ ከሁለት ወር በላይ ከጠጣ በኋላ፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር አስለኪና ኢሲውን እዚህ ጻፊልን። ከ4 ካለፈ ትርፍ ውሃው አልበቃም ማለት ነው።


አዳነ_ዘ_ባቱ (ከምሽቱ 2፡44)

አጥሩንም እስከዚያው በግራር እሾህ አጠናክሩት።